ሦስት ቅዳሜ

ባለፈው እሁድ ሁልጊዜ በምቀመጥበት በሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ቃል እየተሰበከ ስልክ የምነካ ሰው አይደለሁም። ግን ወንድሜ ከሆሳዕና ይሆናል፣ ደግ ያሰማኝ ብዬ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ከቤተ ክርስቲያናችን የተላከ መልእክት ነው። «ውድ እህታችን ታደለች፣ ዛሬ በመካከላችን ስላላየንዎት ናፍቀንዎታል። ሰላም እንዲሆኑ እንጸልያለን።» ቀና አልኩ። መድረኩ እዚያው ነው፣ ሰባኪው እዚያው ነው፣ እኔም መጽሐፍ ቅዱሴን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ እዚሁ ነኝ። ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና፣

«ምን ተገኘ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የለሽም ተባልኩ።»

«የት?»

«እዚህ።»

ስልኩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አነበቡና «ይበልሽ! በሩ ላይ ካሉት ልጆች ጋ ሳትመዘገቢ ገብተሽ ነዋ» ብለውኝ ወደ ስብከቱ ተመለሱ።

እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ ወጣቶቹ አዲስ ሥርዓት አምጥተዋል። ሰው ሲገባ በሩ ላይ ቆመው ስሙን በስልካቸው ይነካሉ፤ ያልተነካውን ስም ኮምፒውተሩ ራሱ እየለቀመ «ናፍቀንዎታል» ይልለታል። ጠዋት ካፊያ ስለነበር ጃንጥላዬን እያጠፍኩ በጥድፊያ አለፍኳቸው መሰለኝ። ልጆቹን አልወቅስም። የመጣውንና የቀረውን መዝግቦ መያዝ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የገረመኝ ሌላ ነው። ከጉባኤ ወጥቼ፣ የረጠበውን የቀጨኔ ኮብልስቶን እየፈራሁ፣ በአንድ እጄ ግንብ እየተደገፍኩ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ከሰው ግቢ ጀርባ ያለችውን አንዲቷን ክፍሌን ከፍቼ፣ ሻይ ጥጄ፣ መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። ሰው «ናፍቀሽኛል» ካለኝ ስንት ጊዜ ሆነ? ማሽንም ይበለው ማን፣ ላጠፋው ብል እጄ እንቢ አለኝ። እንደቆምኩ ሻዩ ገነፈለ።

ሆሳዕናን ለቅቄ ጉለሌ የመጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ልሆን። ኮሌጃችን ከሽሮ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ዳገቱ ላይ ነበር፤ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ከአጥሩ ወዲያ ባሕር ዛፍ። አሁን እዚያ ቦታ ባለመስታወት ፎቅ ቆሞበታል፤ በዚያ ሳልፍ አልጋዬ የት ጋ እንደነበረ ለራሴ እንኳ ማሳየት ያቅተኛል። ያኔ ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ ታክሲ ስድሳ ሳንቲም ነበር፤ እሷን ስድሳ ሳንቲም ለማትረፍ እስከ ታች በእግር የምንወርድ ብዙ ነበርን። ትንሿ ዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሻዩም ያው፤ በግማሽ ብር ቁርስ በልተሽ ክፍል ትገቢያለሽ። የእንጦጦን ብርድ ማንም አልነገረኝም ነበርና የመጣሁት በአንዲት ስስ ሹራብ ነው። በኋላ ከሰልባጅ ተራ ካፖርት ገዛሁ፤ ቡናማ፣ ቁልፎቹ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያካክሉ፣ እጅጌው ጣቴን የሚውጥ። የዶርም ልጆች «የሞተ ፈረንጅ ልብስ ለብሰሽ» ይሉኝ ነበር። ሟቹ ነፍሱን ይማረውና ኮሌጅ እስክጨርስ አሙቆኛል። ከታክሲ መያዣው አጠገብ አንድ ካሴት ቤት ነበር፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ቀኑን ሙሉ የሚያዘፍን። እኔ ዘፈን አልሰማም፤ ቤታችን እንደዚያ ነው ያደግነው። እግሬ እዚያ በር ላይ ሲደርስ ለምን ዝግ እንደሚል ግን ለጌታ ብቻ ነው የተናገርኩት።

ብቸኝነት እንደዚያ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እኛ ቤት ስምንት ነን፤ አንድ ሰው ለብቻው የሚያለቅስበት ጥግ እንኳ አልነበረም። ዶርም ውስጥ ስድስት ልጆች ነበርን፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ሰው በሰው ላይ። ግን ሁሉም ከየት እንደሆነ የማላውቀው ጓደኛ ነበረው። አማርኛዬ ከሀዲይኛ እየተጋጨ ይሰናከልብኝ ስለነበር፣ ቃሌን ጨርሼ ሳልናገር ሲስቁ አያለሁ፤ ለክፋት አልነበረም፣ ግን ዝም ማለት ለመድኩ። ካፍቴሪያ ትሪዬን ይዤ ግድግዳውን ወደሚያይ ጠረጴዛ እሄድና መጽሐፍ ከፍቼ እያነበብኩ የምበላ እመስላለሁ። አንድ ገጽ ሳልገልጥ ምሳ አልቆ ያውቃል። ለእናቴ በምጽፈው ደብዳቤ ግን «ብዙ ጓደኞች አፍርቻለሁ» እል ነበር። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ወንድሜ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው ነው የምዋሸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮሌጁ አጥር ውጭ ባለች የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተማሪዎች ኅብረት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ መዝሙር፣ ቃል፣ ጸሎት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የመጨረሻው መዝሙር ሲጀመር ሹልክ ብዬ እወጣ ነበር። የኅብረቱ መሪ ጌታሁን የሚባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ቀጭን፣ ከሸሚዙ ኪስ ሁለት ስክሪፕቶ የማይለየው፣ ሲስቅ አዳራሹ የሚያስተጋባ። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ቀደመኝ።

«እህት፣ ስብከት ስትጽፊ አይቻለሁ። የእጅ ጽሑፍሽ የታተመ ነው የሚመስለው።»

ከብብቱ አንድ ወፍራም ሰማያዊ ደብተር አወጣ። «ክትትል የሚይዝልን ሰው አጥተናል። የመጣውን ራይት፣ የቀረውን ኤክስ። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ኤክስ፣ ትጸልዪለታለሽ። ሁለት ኤክስ፣ ሰላምታ ትልኪለታለሽ። ሦስት ቅዳሜ ከቀረ ግን በአራተኛው በእግርሽ ትሄጃለሽ። ሰው ሦስት ቅዳሜ ጠፍቶ ማንም ሳይጠይቀው መቅረት የለበትም።»

ደብተሩን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ያንን ዓመት ያተረፈልኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አስቡት፣ ዝም ያልኩት ልጅ በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን ሁሉ በስሙ መጥራት ጀመርኩ። የመቶ ምናምን ሰው ስም፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የዶርም ቁጥሩ፣ ከየት አገር እንደመጣ፤ ሁሉን በማስመሪያ ባሰመርኩት ሣጥን ውስጥ ጻፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሦስት ኤክስ ያላቸውን እየዞርኩ አንኳኳሁ። መጀመሪያ በር ላይ ቆሜ የምለውን ደጋግሜ እለማመድ ነበር፤ እየቆየ ግን ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥን፣ የታመመን ግንባር መንካትን፣ የተናደደን ሰው ዝም ብሎ መስማትን ተማርኩ። በኋላ ተማሪዎቿን በየስማቸው የምታውቅ አስተማሪ ያደረገኝ ያ ነው። ስምም ወጣልኝ፤ «እህት ደብተር»። ግቢ ውስጥ ሳልፍ የወንዶቹ ዶርም መስኮት ላይ የተቀመጡት «እህት ደብተር መጣች፣ አልጋ ሥር!» ብለው ይጮሃሉ። እኔም ካፖርቴ ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ። ሰው በቅጽል ስም ሲጠራሽ የሆነ ቦታ ገብተሻል ማለት ነው፣ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ከሚቀሩት ሁሉ በጣም የምትቀረው ዘነበች ነበረች። አንድ ክፍል ነው የምንማረው፤ እሷ ግን ዶርም አታድርም፣ ቤቷ ሽሮ ሜዳ ነው። አባቷ ጋሽ ዳና ከጋሞ የመጡ ሸማኔ ናቸው። ሦስት ኤክስ ሲሞላ ደብተሬን አቅፌ ቅዳሜ ጠዋት ወረድኩ። ሸማ ከተሰቀለበት ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ስትታጠፊ ሰፈሩ ሌላ ነው፤ ከየቤቱ የሽመናው እንጨት ቷ፣ ቷ ይላል፣ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚለው። ጋሽ ዳና እግራቸውን ከሽመናው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ተቀምጠው ድር መሐል ክር የሚያሳልፈውን መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይልካሉ። ዘነበች ደጃፉ ላይ ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቋጫለች። ነጠላ ከሽመናው ሲወርድ ጫፉ ላይ ክሩ ተንጨፍርሮ ነው የሚቀረው፤ ያንን ክር ትንሽ ትንሹን እየያዙ በጣት እየገመዱ ዘርፍ ማውጣት ነው መቋጨት ማለት። ቅዳሜ ከሰዓት ነጋዴዎቹ የሳምንቱን ነጠላ ሊወስዱ ይመጣሉና ያን ቀን ቤቱ በሙሉ ሥራ ላይ ነው።

«ጠፋሽ፣ ተጨነቅን» አልኳት።

«ቅዳሜ አይመቸኝም። ነጋዴዎቹ የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ እያየሽ።»

ጋሽ ዳና መወርወሪያቸውን አቁመው «ቁጭ በይ እንጂ ልጄ፣ ቆመሽ አትናገሪ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ያን ቀን ገና ሦስት ሰው ነበረኝ። ደብተሬ ላይ «ምክንያት፦ ሥራ» ብዬ ጻፍኩና ሄድኩ። ከወር በኋላ ደግሞ መጣሁ፤ ያው ደጃፍ፣ ያው መልስ። ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ያን ሰሞን ሁሉም ስለሚያመሰግነኝ ይሆናል። «ዘነበች፣ ለሥራ ሰዓት ካለሽ ለእግዚአብሔር ሰዓት አይጠፋም» አልኳት፣ በአባቷ ፊት።

ጣቷ ክሩ ላይ ቆመ። ፊቷን ቀና አድርጋ እኔን ሳይሆን ደብተሩን አየች።

«ታደለች፣ እውነት ንገሪኝ። የምትመጪው እኔን ብለሽ ነው ወይስ ሣጥኗ ባዶ እንዳትሆንብሽ?»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ...»

«ሦስቴ መጣሽ። አንድ ቀን ቁጭ አላልሽም። አባዬ ቁጭ በይ ሲልሽ ሰዓትሽን ታያለሽ። ሁለተኛ ደብተር ይዘሽ እዚህ ቤት እንዳትመጪ።»

ጋሽ ዳና በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገሯት፤ ተቆጧት መሰለኝ። እኔ ግን ዳገቱን እያለቀስኩ ወጣሁ። ዶርም ደርሼ ደብተሩን ከፈትኩና፣ ይሄንን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ፣ ማስመሪያዬን አውጥቼ ስሟ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝኩበት። መስመሩ እንኳ አልተጣመመም። ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ስንተያይ አንገታችንን አቀረቀርን።

ከዚያ ታይፎይድ ያዘኝ። የዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። ክሊኒክ ኪኒን ሰጥተው «ተኚ፣ የፈላ ውኃ ጠጪ» ብለው መለሱኝ። ራሴ እንደ ድንጋይ ከብዶ፣ ቡናማው ካፖርት ብርድ ልብስ ላይ ተደርቦ ተኛሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ከኅብረቱ ሁለት እህቶች ናቸው። ደስታዬ! ልነሳ ሞከርኩ።

«አትነሺ፣ አትነሺ! ወይኔ፣ አሞሽ ነው እንዴ? እ... ማለቴ፣ ጌታሁን ልኮን ነው። ደብተሩን።»

ትራሴ ሥር ነበር፣ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆመው አጭር ጸሎት ጸለዩልኝ፣ አሜን አልኩ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ። አልቀየምኳቸውም። ፕሮግራሙ ሊጀመር ደቂቃዎች ነው የቀሩት፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ሁለተኛው ቅዳሜ ማንም አልመጣም። ሰላምታ ይልኩልኛል ብዬ የዶርም ልጆች በገቡ ቁጥር አፋቸውን አያለሁ፤ እነሱ ፈተና ደርሶባቸው ከቤተ መጻሕፍት ለመኝታ ብቻ ነው የሚመጡት፣ ሁለቱ የከተማ ልጆችም አርብ አርብ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሦስተኛውም ቅዳሜ አለፈ። ያኔ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ውስጤ ሞቅ አለው። ደንቡን አውቀዋለሁና። ሦስት ቅዳሜ ከቀረ በአራተኛው በእግር ይኬዳል።

በአራተኛው ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳውን እየያዝኩ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ፀጉሬን ጎነጎንኩ፣ አንሶላዬን አነጠፍኩ፣ ለእንግዳ ይሁን ብዬ ማዶ ያለው አልጋ ላይ የነበረውን ልብስ አጣጥፌ ቦታ አበጀሁ። አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አራት ሰዓት ሆነ። እኔ ብሆን በዚህ ሰዓት ሁለተኛ ሰው ጋ ነበርኩ አልኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአጥሩ ማዶ የአዳራሹ ከበሮ ተሰማ፤ የመጀመሪያው መዝሙር፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቅደም ተከተሉን በቃሌ ነው የማውቀው። አሁን በእኔ ፈንታ ደብተሩን የያዘችው አዲሷ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ስም እየፈለገች ነው፤ ከላይ ወደ ታች ጣቷን እያወረደች። ከላይ ወደ ታች... ያኔ ነው የገባኝ። የመቶ ምናምን ሰው ስም በእጄ ጽፌ የራሴን አልጻፍኩም ነበር። በሩ ላይ የምቆመው እኔ፣ ራይት የማደርገው እኔ፤ ራሴን ማን ብዬ ልመዝግብ? ስሜ በሌለበት ኤክስ አይደረግም። ኤክስ ከሌለ ሦስት አይሞላም። ሦስት ካልሞላ ማንም አይመጣም። ማንም አላጠፋም፤ ደብተሩ ፍጹም ትክክል ነው፣ ያበጀሁትም እኔ ነኝ። የታጠብኩትን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

በሩ የተንኳኳው ሦስተኛው መዝሙር ላይ ነው። ዘነበች ነች። በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው በነጠላ የተወጠረ ፌስታል ይዛለች። ሳትጠይቀኝ ያሰናዳሁት ማዶ አልጋ ላይ ተቀመጠች።

«አጥሚት ነው። ትኩስ እያለ ጠጪ።»

«ዘነበች... ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።»

«ቀን መቁጠር እኔም እችላለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ክፍል ውስጥ ወንበርሽ ባዶ ነው፣ አስተማሪው ስምሽን ሲጠራ 'አሟታል' ያልኩት እኔ ነኝ፣ በግምት።» ፌስታሉን ፈትታ አንድ ነጠላ ጭኗ ላይ ዘረጋችና ክሩን መግመድ ጀመረች። «ብቆጣሽም ባዶ እጅሽን ትመጫለሽ ብዬ ጠብቄሽ ነበር። አንቺ ልጅ በር ሳታንኳኪ ቅዳሜ አታልፊማ። ስትቀሪ፣ ወይ አሟታል ወይ ሞታለች አልኩ። አባዬ ደግሞ 'እዚያው እየቋጨሽ ዋዪ፣ ነጋዴዎቹን እኔ አቆያቸዋለሁ' አለኝ።»

አጥሚቱን ያዝኩት እንጂ መጠጣት አቃተኝ። «ስምሽን ሰርዤዋለሁ» አልኳት። «በማስመሪያ።»

«መቼ ጻፊኝ አልኩሽና?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔ ሳቅ ግን መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። እሷ ቀና ሳትል ትቋጫለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። ስትሄድ ነጠላዎቹን ቆጥራ አጣጠፈች፣ ፔርሙዙን አጥባ አስቀመጠችልኝ፣ እና በሩ ላይ ሆና «በሚቀጥለው ቅዳሜ ጣትሽ ከተንቀሳቀሰ አንድ ጫፍ እሰጥሻለሁ፤ በነፃ አጥሚት የለም» አለችኝ።

ስድን ጌታሁን ራሱ ደብተሩን ይዞ መጣ። የሆነውን ነገርኩት። ያ የሚያስተጋባ ሳቁን ሳቀና «አንቺማ ሁሌ አለሽ ብለን ነው'ኮ!» አለኝ። ደግ ልጅ ነበር፣ ሊያሞግሰኝ ነው የተናገረው። ያቺ ዐረፍተ ነገር ግን ስንት ዓመት ተከትላኛለች። በኋላ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በእናቴ ለቅሶ እንኳ፤ ታደለች ሁሌ አለች፣ ታደለች ጠንካራ ናት፣ ታደለችን ማን ይጠይቃታል። ደብተሩን አልተቀበልኩትም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ከዘነበች ጋር ደጃፍ ላይ እቋጭ ነበር። ነጋዴዎቹ ሄደው ስናበቃ፣ ሁለታችን ጉርዳችን ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ እያራገፍን ዳገቱን ሮጠን አዳራሹ እንደርሳለን፤ ስብከቱ ተጋምሷል። አዲሷ ልጅ በሩ ላይ ገላምጣን «አርፋጆች» ብላ ትጽፈናለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያኮራኝ የለም።

ይሄ ሁሉ ከሆነ ወዲህ ሽሮ ሜዳም ሌላ ሆኗል። ያ መንደር ፈርሶ መንገድ ወጣበት፤ ዘነበች ከከተማው ማዶ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ሄደች። ጋሽ ዳና ሲያርፉ ለቅሶ ደረስኩ፤ ሦስት ቀን መቀመጥ ሲገባኝ ትምህርት ቤት ፈተና ነው ብዬ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። ቁጭ በይ ልጄ ያሉኝ ሰውዬ ለቅሶ ላይ ሰዓቴን አየሁ። እሷም አየችኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። እኔም እሷ ትደውል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ስምንት ቅዳሜ አልፏል። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ልማድ አይለቅም።

እንግዲህ ያለፈው እሁድ ሻዩ የገነፈለ ጊዜ ያሰብኩት ይሄንን ነው። ማሽኑ እንኳ አንድ እሁድ የቀረሁ ቢመስለው ጠየቀኝ። እኔ ግን ሁለት መቶ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ በር እስኪንኳኳልኝ ፊቴን ታጥቤ ተቀምጫለሁ። ዘነበችስ ደብተር የሚይዝላት ማን አላት? ሳምንቱን ሙሉ ጸለይኩበት። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳልሄድ ምክንያት እንዲሰጠኝ ነበር የጸለይኩት፤ ጉልበቴን አመካኘሁ፣ ታክሲውን አመካኘሁ። ምክንያት አልተሰጠኝም።

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ተነሳሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይኖራል፤ የልደት ቀን፣ የጸሎት ርእስ፣ የገበያ ዝርዝር የምጽፍበት። አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ታክሲ፣ አንድ አውቶቡስ። ሳልደውል ነው የሄድኩት፤ ብደውል «አይመቸኝም» ብትለኝ በዚያው እቀራለሁ ብዬ። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፤ በየደረጃው መዞሪያ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። በሩ ፊት ስደርስ እንደ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የምለውን በልቤ ተለማመድኩ። አንኳኳሁ።

ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። በሩ ተከፈተ። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች፤ ትከሻዋ ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል። ፊቴን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ እጄን አየችው፣ ግራውንም ቀኙንም።

«ደብተሩስ?»

«ቤት ትቼው መጣሁ።»

ከበሩ ገለል አለች። «ግቢ በይ። ደረጃው እስኪገድልሽ ነው የቆየሽው?»

ሶፋው ላይ ግማሹ የተቋጨ ነጠላ ተዘርግቷል። ያኔም ዛሬም ያው ነው፣ አሁን የምትቋጨው የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች በፌስታል እየላኩላት ነው፤ ጣቷ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝላትም፣ መጋጠሚያው አብጧል። ለጋሽ ዳና ለቅሶ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ጫፉን አንስታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

«መጀመሪያ ቁጭ በይ። አጥብቀሽ ግመጂ፣ ድሮም ታላዪው ነበር።»

ቁጭ አልኩ። እሷ ከወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ ከወዲህኛው። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከታች ልጆች ይጫወታሉ። ይቅርታዬን ወደ ክሩ አቀርቅሬ ተናገርኩ፣ እሷም ወደ ክሩ አቀርቅራ ሰማችኝ። ብዙ ከቋጨን በኋላ ቀና ሳትል፣

«ስንት ጊዜያችን ይሆን፣ እንዲህ ቁጭ ካልን?» አለችኝ።

«እንጃ፣ አልቆጠርኩም» አልኳት። ጌታ ይቅር ይበለኝ።